ቆሞ መታጠቅ

አያቴ መቀነቷን በምትታጠቅበት ሰዓት ወሬ አትወድም ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ለኪዳን ልትሄድ ስትነሣ ቀሚሷን አራግፋ ትለብስና የመቀነቱን አንድ ጫፍ በግራ ጎኗ ላይ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ትይዛለች። ሌላውን ጫፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ። እንቅልፍ ያልለቀቀው ዓይኔን እያሸሁ እስከ በሩ ድረስ ወጥሬው እቆማለሁ። እሷ ቀስ ብላ በራሷ ዙሪያ እየዞረች ትጠቀለልበታለች፤ በየዙሩ ቆም ትልና ትንፋሿን ስባ ታወጣለች። "አሁን ላላ አድርጊው። አሁን ያዢው።" በመጨረሻ ሳንቲሟን የቋጠረችበትን ጫፍ ወደ ውስጥ ትሸጉጥና በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ ታደርገዋለች። ከዚያ በኋላ ነው "ደህና አደርሽ?" የምትለኝ።

አንድ ጠዋት ረፍዶብኝ የደንብ ልብሴን ቀበቶ እየሮጥኩ ሳስር አየችኝና ከኋላዬ ተጣራች። "አንቺ ልጅ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!" የዚያን ቀን አልተፈታብኝም። የተፈታብኝ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

ተረቱን የማያውቅ የለም። በሦስት ወር ትውውቅ ተጋብተው ዓመት ሳይሞላቸው ስለተለያዩ ሰዎች፣ ሳይመከርበት ስለተገባበት ንግድ፣ መሠረቱ ሳይደርቅ ግድግዳው ስለቆመ ቤት ይነገራል። የችኮላ ነገር አይጸናም ነው መልእክቱ። ተረቱ በተፈጠረበት ዘመን ግን መፈታት እንዲያው የንግግር ማሳመሪያ አልነበረም። ወንዱ ድጉን፣ ሴቷ መቀነቷን መንገድ ላይ ከተፈታባቸው ልብስ ይወርዳል፣ በጫፉ የተቋጠረው ገንዘብ ይበተናል፣ ሰው ያያል። ቁርጥ ሐሳብ ያደረገን ሰው "ታጥቆ ተነሣ" የምንለውም ከዚያው ከወገብ የመጣ ነው። ዛሬ ደግሞ ቱታውንም፣ ካኔቴራውንም፣ ጫማውንም በአንድ ስም "የስፖርት ትጥቅ" ብለን እንጠራዋለን። ስፖርቱን ስንተወው ያው ትጥቅ ፈታን ማለት ነው። ይህ ተረት ለሰውነት እንቅስቃሴ የሚስማማውን ያህል ለሠርግና ለንግድ እንኳ የሚስማማ አይመስለኝም።

እኔን ያስታጠቀኝ ፍርሃት ነው። እናቴ በደም ግፊት ምክንያት ስትሮክ መትቷት ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሎ አራት ዓመት ተኝታለች። ያጠብኳት፣ ያገላበጥኳት እኔ ነኝ። እና አንድ ቀን ሐኪሙ የክንዴን ማሰሪያ ፈትቶ "መቶ ሃምሳ በዘጠና አምስት" ሲለኝ የሰማሁት ቁጥሩን አልነበረም፤ የእናቴን አልጋ ነው ያየሁት። መድኃኒት ጻፈልኝ፤ በእግር መሄድ እንድጀምርም ነገረኝ። በእግር መሄድ ነበር ያለው። እኔ ግን በዚያው ምሽት የሩጫ ጫማ ገዛሁና በማግሥቱ ገና ጎህ ሳይቀድ መስቀል አደባባይ ተገኘሁ።

መስቀል አደባባይን በዚያ ሰዓት ያላየ ሰው የከተማዋን ግማሽ ፊት አላየም። ግማሽ ክብ ሆነው የተዘረጉትን ረጃጅም ደረጃዎች ሯጮቹ እንደ ገበሬ ትልም ይመላለሱባቸዋል፤ አንዱን ደረጃ ጨርሰው ወደሚቀጥለው ይወጣሉ፣ ተመልሰው ያርሱታል። በመካከላቸው ኤሮቢክስ የሚሠሩ አሉ፣ ገመድ የሚዘሉ አሉ፣ አሠልጣኝ ከፊት ቆሞ የሚቆጥርላቸው አሉ። እኔም ገባሁበት። ከፊቴ ሁለት ቀጫጭን ልጃገረዶች ነበሩ፤ እነሱን ተከትዬ ለመሮጥ ሞከርኩ። በሁለተኛው ትልም ደረቴ ውስጥ እሳት ነደደ። ነገር ግን የእናቴ አልጋ ከኋላዬ ስለነበር አላቆምኩም። በዘጠነኛው ቀን ጉልበቴ አበጠ። በሦስተኛው ሳምንት ጫማው አልጋ ሥር ገባ።

ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እንዲህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አንዱ ለእንቁጣጣሽ፣ አንዱ ከፋሲካ ማግሥት፣ አንዱ ለታላቁ ሩጫ ካኔቴራ ገዝቼ። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ሲጀመር የሮጠው 10 ሺህ ሰው ነበር፤ አሁን ከ40 ሺህ ያልፋል። ያንን ቀን እወደዋለሁ። በአንድ ቀለም የተጥለቀለቀ መንገድ፣ ዘፈን፣ ውሃ የሚረጩ ልጆች፣ ከማያውቁት ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ዳገት መውጣት። እኔ ግን ከእሑዱ በኋላ ያለውን ሰኞ አላውቅበትም ነበር።

የጫማውን ነገር ካነሣሁ አይቀር አበበ ቢቂላን ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን ዓለም እስከ ዛሬ እንደ ተአምር ያወራዋል። እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን አልተመቸውም ነበር፤ አገሩ ላይ ደግሞ በባዶ እግሩ ሲለማመድ ኖሯል። ስለዚህ ለውድድሩ የመጣውን አዲስ ነገር ትቶ በለመደው እግር ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ደግሞ አሸነፈ። ለእኔ ትልቁ ነገር የባዶ እግሩ ጀግንነት አይደለም። በዚያ በሕይወቱ ትልቁ ቀን እንኳ ሲሮጡ መታጠቅን እምቢ ማለቱ ነው።

ችኮላው ለምን እንደሚፈታ የሚያስረዳ ጥናት አለ፤ ቀደም ብዬ አውቄው ቢሆን ኖሮ ጉልበቴ ይተርፍ ነበር። የስፖርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ፓንቴሌይሞን ኤኬካኪስ እና ባልደረቦቹ ሰዎች እየተንቀሳቀሱ እያለ ምን እንደሚሰማቸው ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ ኖረዋል። ያገኙት ነገር ይህ ነው፤ ድካሙ ትንፋሽን ከሚያስቸኩልበት ልክ በታች እስካለ ድረስ አብዛኛው ሰው ደስ ይለዋል፤ ያን ልክ ሲያልፍ ግን ስሜቱ ይገለበጣል። ሰውነት ደግሞ አይረሳም። አእምሮ "ለጤናህ ነው" እያለ ቢያባብለውም እሱ የሚያስታውሰው ደረቱ ውስጥ የነደደውን እሳት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እዚህ ለጀማሪ ያ ልክ በጣም ቅርብ ነው። እኔ በየጠዋቱ ሰውነቴን እየቀጣሁት በማግሥቱ ደስ ብሎት እንዲነሣ እጠብቅ ነበር። ልጅን እየገረፉ ትምህርት ቤት መስደድ ማለት ነው፤ ይሄዳል፣ ግን ክፍት በር ባገኘ በመጀመሪያው ቀን ይወጣና አይመለስም።

በአራተኛው ሙከራዬ መንገድ ቀየርኩ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት፣ የሸማ ሱቆቹ ገና ሳይከፈቱ፣ እየሮጥኩ ስወጣ አንድ ሽማግሌ አለፍኩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ያን ጊዜ አላውቃቸውም። ሃምሳ እርምጃ ሳልርቅ ቆሜ ጉልበቴን ይዤ ሳለከልክ ደረሱብኝ።

"ልጄ፣ ማን እያባረረሽ ነው?"

መልስ አልነበረኝም። ዕንባዬ መጣ፤ እውነቱን ስለነኩት ነው።

"በይ እንሂድ፣" አሉ። "ግን እያወራን። ማውራት ካቃተሽ አብዝተሽዋል ማለት ነው።"

እስከ መታጠፊያው ሄድን፤ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። በመጀመሪያ ሥራ ስለተመደቡበት የገጠር ትምህርት ቤት ነገሩኝ። በማግሥቱ ስለ ማዕበል ነገሩኝ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በሦስተኛው ቀን እኔ ስለ እናቴ ነገርኳቸው። ደስታው ቶሎ መጣ ብዬ አልዋሽም። አንድ ወር ሙሉ የምነሣው እሳቸው ከጥግ ላይ ቆመው እንዳይጠብቁኝ ብዬ ነው። በስድስተኛው ሳምንት፣ ሌሊት ዘንቦ ባደረበት ጠዋት፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ከመሬቱ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣ ቆም ብዬ በአፍንጫዬ ሳብኩት። ያን ቀን ሰዓቴን አንዴም እንዳላየሁ ያወቅኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ ያስተማረኝን ልናገር። "ፈታ" የምትለዋን ቃል አስቡት። መቀነት ይፈታል፤ ይህ ውርደት ነው። ከሩጫ በፊት ደግሞ "ሰውነት እናፍታታ" እንላለን፤ ይህ ዝግጅት ነው። ልጆቻችን ደግሞ ደስ የሚል ጊዜ ሲያሳልፉ "ፈታ አልን" ይላሉ። አንድ ሥር ናቸው፣ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። እኔ ያን ሁለት ዓመት መቀነቴን አጥብቄ ያሰርኩት ሰውነቴ ፈታ እንዳይል አድርጌ ነበር። አያቴ በየዙሩ ቆም ብላ ትንፋሿን የምታወጣው ለምን እንደነበር የገባኝ ዳገቱ ላይ ነው፤ ትንፋሽ የማያሳልፍ መቀነት ተንሸራትቶ ባይፈታ እንኳ ባለቤቱ ራሷ ትፈታዋለች። ውስጡ ፈታ ያላለ ሰው ትጥቁ አይቆይለትም። ተረቱ "ሲሮጡ" ያለው የእግሩን ሩጫ ብቻ አይመስለኝም፤ ከሆነ ነገር መሸሽም ሩጫ ነው።

ግን ተረቱ ሁልጊዜ ልክ ነው ብዬ አልከራከርለትም። ሥራ ቦታዬ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ የስኳር ሕመም አለበት። ስፖርት ጀምር ባልኩት ቁጥር ይህንኑ ተረት ይመልስልኛል። ቤቱን ሠርቶ ሲጨርስ፣ ሰፈሩ ጥሩ ጂም ሲከፈት፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባለት በደንብ ተዘጋጅቶ ይጀምራል። ስድስት ዓመት ሆነው። የአባቶች ቃል በእሱ አፍ መቀመጫ ወንበር ሆኗል፤ ያሳዝነኛልም፣ ያሳስበኛልም። ተረቱ ቆመህ ታጠቅ ነው የሚለው፣ ቆመህ ቅር አላለም። ለመታጠቅ የሚበቃው ጊዜ ደግሞ ያን ያህል ረጅም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ድሮ "አንዱ ዙር ከ10 ደቂቃ እንዳያንስ" የሚል ነገር ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ግን ያን አንሥቶታል። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድ ይቆጠራል። የቢሮውን ደረጃ መውጣት ይቆጠራል። ይህን ነግሬው ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ አብሮኝ በእግሩ መጣ። አንድ ቀን ነው፤ ግን መጣ።

ደግሞ ሳይታጠቁ የሚሮጡትስ? ኃይሌ ገብረሥላሴ አሰላ አካባቢ ልጅ ሳለ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው፤ ደብተሩን ይይዝበት የነበረው ግራ ክንዱ ታላቅ ሯጭ ከሆነም በኋላ ሲሮጥ ጠመም እንዳለ ቀረ። ማንም ተነሳሽነትህን እንዴት ትጠብቃለህ ብሎ አልጠየቀውም፤ ደወሉ እንዳይደወልበት ነበር የሚሮጠው። በእኔ ዳገት ላይ ደግሞ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ እናቶች አሉ። እነሱን ባየሁ ቁጥር የእኔ "ስፖርት" የሚለው ቃል በአፌ ላይ ይከብደኛል። እኔ ለጤናዬ የምወጣውን እነሱ ለእንጀራ ይወርዱታል፤ ወገባቸው ከሚችለው በላይ ተጭኗል።

አንዲቱን አንድ ጠዋት ከመንገድ ዳር ካለ ግንብ ላይ ሸክሟን አስደግፋ ስታስር አገኘኋት። ከእሷ በላይ የሚቸኩል ሰው በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም፤ ገበያው ሳይሟሟቅ መድረስ አለባት። እሷ ግን ገመዱን በደረቷ ላይ አሳልፋ ጎተተችው፣ ትከሻዋን ወዲያ ወዲህ አደረገች፣ አልጣማትም፤ ፈታችው። እንደገና አሳለፈችው። መምህሩና እኔ ቆመን "እግዜር ያበርታሽ" አልናት።

"አሜን። እስቲ እቺን ያዥልኝ፣" አለችኝ የገመዱን ጫፍ እየሰጠች። "ቁልቁለቱ ላይ ከላላብኝ ማን ይይዝልኛል?"

ያዝኩላት። ገመዱ የእጇ ሙቀት ነበረበት። አንድ ጊዜ ላላ፣ አንድ ጊዜ ጠበቅ አስደረገችኝ፤ ቋጠረችው፤ ተነሥታ ወረደች።

ያን ቀን ቀሪውን መንገድ በዝምታ ነው የሄድኩት። ተረቱ የሚታየኝ እንደ አንድ ሰው ነገር ነበር፤ አንድ ሰው ይሮጣል፣ አንድ ሰው ይታጠቃል፣ ይፈታበታል። አያቴ ግን መቀነቷን ብቻዋን ታጥቃው አታውቅም፤ ጫፉን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። ስለ ጽናት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ቆራጥነትን ከአንድ ሰው ደረት ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። እኛ ግን ይህን የምናውቀው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት 96 ሰዎችን ተከታትሎ አንድ አዲስ ነገር ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ ለመሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን እንደሚፈጅ አግኝቷል፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን፣ ለአንዳንዱ እስከ 254 ቀን። 66 ቀን ማለት ሁዳዴ ሲደመር አሥራ አንድ ቀን ነው። ሁዳዴን 55 ቀን የምንጾመው ሁላችንም ብረት ስለሆንን ነው? ቤቱ ስለሚጾም፣ ጎረቤቱ ስለሚጾም፣ ልኳንዳው ስለሚዘጋ ጭምር ነው። የሰፈር ጤና ቡድኖችንም ተመልከቱ። ሃምሳና ስልሳ ዓመት የሞላቸው አባቶች እሑድ ማለዳ ኳስ ለመጫወት ከአልጋቸው የሚነሡበት ምክንያት ኳሱ ብቻ አይደለም፤ ያረፈደ ይቀጣል፣ የቀረ ይደወልለታል፣ የታመመ ይጠየቃል። ጫፉን የያዘላቸው ሰው አለ።

ያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰውም አሳይቷል። ይህን ብዙ ሰው ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም እኔን ሦስቱንም ጊዜ ያስቀረኝ የጉልበቴ ሕመም ሳይሆን ከሕመሙ በኋላ የመጣው ኀፍረት ነው። ተረቱ "ይፈታል" ብሎ ያቆማል፤ መልሶ ስለ መታጠቅ አንድ ቃል የለውም። ትልቁ ጉድለቱ ይህ ይመስለኛል፤ ሕይወት ግን ሞልታዋለች። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘች። በ1996 አትላንታ ላይ አራተኛ ወጣች። ከዚያ ልጅ ወለደች፣ ጉዳትም አሳለፈች። በ2000 ሲድኒ ላይ ያንኑ ወርቅ መልሳ ወሰደች፤ በ2009 ደግሞ፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። የእሷ ስንት ጊዜ ተፈትቶ ስንት ጊዜ እንደታሰረ እሷና እግዚአብሔር ያውቃሉ።

የእኔም ባለፈው ክረምት ተፈታ። መምህሩ ወገባቸውን ታመው ተኙ፤ ዝናቡም በረታ፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ግፊቴ ወርዶ ነበር፣ መድኃኒቴንም አላቋረጥኩም፤ ግን ጠዋቱ ባዶ ሆነብኝ። የሚገርመኝ፣ የናፈቀኝ ጤናው አልነበረም። የባሕር ዛፉ ሽታና የእሳቸው ወሬ ነው።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት በማለዳ በራቸውን አንኳኳሁ። ቱታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ጫማቸው ገብቷል፣ ክሩ ግን መሬት ላይ ተዘርግቷል።

"ጋሼ፣ ለምን አልጠሩኝም?"

"መጎንበስ ከልክለውኛል። ትመጫለሽ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።"

ተንበርክኬ የቀኙን ጫማ ክር ያዝኩ። ቶሎ ላስረው ስል እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

"ቀስ በይ፣ ልጄ፣ የት ይሄድብናል። ላላ አድርጊው።" ጣቶቻቸውን ጫማው ውስጥ አንቀሳቀሱ። "አሁን ሳቢው።"